2 ጊጋ እንበል ወይስ 8?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ከጓደኛዬ ጋር ለመድኃኒት ቤቶች የሚሆን የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ሠርተናል። የቀረውን መድኃኒት ይቆጥራል፣ ጊዜው ሊያልፍ የደረሰውን ያስጠነቅቃል። አሁን ልንሸጠው ስንል ሰው ሁሉ “ምን ዓይነት ኮምፒውተር ይፈልጋል?” ይለናል። እኔ ኮር አይ 5 እና 8 ጊጋ ራም እንበል አልኩ፤ የሠራንበት ላፕቶፕ እሱ ነው። ጓደኛዬ ግን “ደንበኛ ይሸሻል፣ 2 ጊጋ እንበል፣ እሱም ላይ ይከፈታል” ባይ ነው። ማናችን ነን ልክ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለታችሁም የመድኃኒት ቤቱን ኮምፒውተር አላያችሁትም። አንተ የጻፍከው የራስህን ላፕቶፕ ነው፤ ጓደኛህ ደግሞ የደንበኛውን ኪስ።

መከፈቱማ ምን ዋጋ አለው? ማይክሮሶፍት እንኳ በዚሁ ጣጣ ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ቪስታ የተባለው ዊንዶውስ ከመውጣቱ በፊት አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ “ቪስታን ይችላል” የሚል ስቲከር ተለጠፈ። 512 ሜጋ ራም ይበቃል ተባለ። ዕቃው እንዲሸጥ ሲባል ደካማው የኢንቴል 915 የምስል ቺፕ ያለባቸውም ስቲከሩን አገኙ። ሰው ገዝቶ ቤቱ ሲገባ ግን የሚሠራለት ተራው ቪስታ ብቻ ሆነ፤ ያ በማስታወቂያ የታየው የሚያብረቀርቀው ገጽታ የለም። በ2007 ሲያትል ላይ ክስ ተመሠረተ። በክሱ የወጡ የውስጥ ኢሜይሎች ውስጥ አንድ የራሱ የማይክሮሶፍት ኃላፊ 2,100 ዶላር ያወጣበት ላፕቶፕ ኢሜይል ማያ ብቻ ሆኖ እንደቀረ ሲያማርር ይታያል። የጋራ ክሱ በኋላ ቢሰረዝም፣ የቪስታ ስም ግን አልዳነም።

ስለዚህ መጀመሪያ ዙሩ። ለመግዛት ያሰቡትን መድኃኒት ቤቶች አስፈቅዳችሁ ታስክ ማናጀር ክፈቱና “ፐርፎርማንስ” የሚለውን እዩ። ራሙ ስንት ነው፣ ሥራ እየተሠራ ስንቱ ነፃ ነው፣ ዲስኩ የሚሽከረከር ነው ወይስ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣኑ)? የዊንዶውሱን ዓይነትና የስክሪኑን ስፋትም መዝግቡ። ብዙ ቦታ የሚጠብቃችሁ ዩዝድ ዴስክቶፕ ነው፤ ከጎኑ ክሮምና ቴሌግራም ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። 4 ጊጋ ያለው ማሽን ላይ ዊንዶውስ 10፣ አንቲቫይረሱና ክሮም ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ ለእናንተ 1 ጊጋ ከተረፈ ደግ ነው።

ራሙ ሲያልቅ ዊንዶውስ ወደ ዲስኩ ይሸጋገራል። መንቀራፈፍ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ በሴኮንድ መቶ ገደማ ቦታ ብቻ ነው የሚያነበው፤ ኤስኤስዲ በአሥር ሺዎች። ስለዚህ አይ 3 ነው አይ 5 ነው እያላችሁ አትጣሉ። እኔ ብሆን ከፕሮሰሰሩ በፊት “ኤስኤስዲ” ብዬ እጽፍ ነበር። አሮጌ ማሽን ላይ ከዚህ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣ ነገር አላውቅም።

ሁሉም የሚረሳው ስክሪን ነው። እናንተ የሠራችሁት 1920 በ1080 ላይ ይሆናል። ርካሽ ላፕቶፖች ላይ የሚበዛው 1366 በ768 ነው። ፎርማችሁ ረዘም ካለ “መዝግብ” የምትለዋ ቁልፍ ከታች ባሩ ስር ትገባለች፤ ፋርማሲስቷ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባት ሶፍትዌሩ አይሠራም ትላለች። እውነቷን ነው።

አንዳንዱ ደግሞ እናንተ ሳታውቁ የተወሰነ ነው። ሶፍትዌሩን በፓይተን ቋንቋ ከጻፋችሁት ለዊንዶውስ 7 የመጨረሻው የፓይተን ዕትም 3.8 ነው። ኤሌክትሮን በሚባለው መሥሪያ ከሆነ ከዕትም 23 ጀምሮ ዊንዶውስ 7ን እና 8ን ትቷል። ይህን አሁን እወቁ፤ ደንበኛ ከከፈለ በኋላ አይሁን። “ዊንዶውስ 11 ብቻ” ብላችሁ ግን በር አትዝጉ። እሱ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ደግሞ በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ በታች አይቀበልም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ቢያበቃም ማሽኖቹ የትም አልሄዱም።

ከዚያ አንድ ደከም ያለ ማሽን ግዙና ቢሮ አስቀምጡ። የላፕቶፓችሁን ራም ኤምኤስኮንፊግ በሚባለው የዊንዶውስ ማስተካከያ ቀንሶ መሞከር ይቻላል፤ ግን ፈጣኑ ዲስክ ስለሚሸፍነው ያታልላል። 20 መድኃኒት አስገብታችሁ “በረረ” አትበሉ፤ የሁለት ዓመት ሽያጭ ሙሉበት። ክሮምና ቴሌግራምን ክፈቱ። ከዚያ አሞክሲሲሊንን “አሞክ” ብላችሁ ፈልጉ። ሰው ባንኮው ላይ ቆሞ እየጠበቀ ውጤቱ ከ2 ሴኮንድ ካለፈ ያ ማሽን ዝቅተኛው አይደለም። ወይ ፕሮግራሙን አቅልሉት፣ ወይ መስፈርቱን ከፍ አድርጉ። እኔ መጀመሪያ ማቅለሉን እሞክር ነበር፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን ዝርዝሩን በሙሉ አንዴ የሚጭነው ኮድ ነው።

ዝቅተኛ ብላችሁ የጻፋችሁት ማሽን ላይ ችግር ሲመጣ ስልክ የምታነሱት እናንተ ናችሁ። ጓደኛህ 2 ጊጋ ሲል ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሚደወለውን አስቦ ይሆን?

ከዞራችሁ በኋላ የሚወጣው ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም፦ ዊንዶውስ 10 ባለ 64 ቢት፣ 4 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ስክሪን 1366 በ768። የሚመከረው 8 ጊጋ። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ጨምሩበት፤ መብራት በሽያጭ መሃል ሲጠፋ ዳታው ቢበላሽ የሚወቀሰው መብራት ኃይል አይደለም። የአማርኛ ፎንቱንም ከሶፍትዌሩ ጋር ጫኑት። ኒያላ ዊንዶውስ 10 ላይ እንደ አማራጭ እንጂ የግድ ተጭኖ አይመጣም።

ጥያቄ፦ የገዛሁት የሒሳብ ፕሮግራም “4 ጊጋ ራም” ይላል። የእኔም 4 ጊጋ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን “3.2 ብቻ ጥቅም ላይ የሚውል” እያለ ያሳየኛል። ፕሮግራሙም ሃንግ ያደርጋል። ተሸውጄ ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አልተሸወድሽም፣ እህቴ። ዊንዶውስሽ ባለ 32 ቢት ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ ከ4 ጊጋ ሙሉውን መጠቀም አይችልም። ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ብለሽ ግቢና “ሲስተም ታይፕ” የሚለውን እዪ። “32 ቢት፣ ኤክስ64 ፕሮሰሰር” ካለ ማሽኑ 64 ይችላል ማለት ነው። ካለሽበት ላይ ግን ማሻሻል አይቻልም፤ እንደ አዲስ ነው የሚጫነው። የሒሳቡን ዳታና የፕሮግራሙን ላይሰንስ ቁጥር አስቀድመሽ ፍላሽ ላይ ገልብጪ።