መልስ፦ የባህል ማዕከሉን ግምገማ ከየት እንጀምር?

እህቴ፣ «በመንግሥት በጀት የሚተዳደር የባህል ማዕከል ገምግሙ ተብለን ኮሚቴ ገባን፤ ከየት እንጀምር?» ላልሽው፣ ከመጋዘኑ ጀምሩ እላለሁ። ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ከጀመራችሁማ ቡና ጠጥቶ፣ ሪፖርት ተሸክሞ መውጣት ነው።

እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ተመሳሳይ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ የሆነ ከበሮ ስንፈልግ፣ ቆዳውን አይጥ በልቶት ጥግ ላይ ተጥሎ አገኘነው። በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ደረሰኝ) ወጪ የሆኑት የውዝዋዜ ልብሶችም ማን ጋ እንዳሉ የሚያውቅ ጠፋ። የጣና እርጥበት አበላሸው አሉን። እርጥበት ልብስ ያበላሻል፤ ልብስ ይዞ ግን አይሄድም መቼም!

ቀጥሎ የቦርዱን ቃለ ጉባኤ ጠይቁ። ፎቶ ኮፒውን ሳይሆን መዝገቡን። እኛ ያየነው የአራት ስብሰባ ፊርማ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ መቀመጫ የተፈረመ ይመስል ነበር። ቦርድ ዕቅድና በጀት አጽድቆ ሥራ አስኪያጁን ይጠይቃል እንጂ የትኛው ተወዛዋዥ መስክ ይውጣ እያለ አይወስንም። ይሄ ሲደበላለቅ ተጠያቂ ይጠፋል።

በጀቱን በየሩብ ዓመቱ እዩት። ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ግዢው ሁሉ ሰኔ ላይ ከተከመረ ለምን በሉ። ሙያተኞቹን ደግሞ አለቃቸው በሌለበት አነጋግሩ፤ ቢቻል ከልምምድ በኋላ።