ሻንሲውን በመዶሻ ሳትመታ አትግዛው

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ እንደምን አሉ? እ.ኤ.አ. በ1978 የተሠራ ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ፒካፕ አግኝቻለሁ። ቤንዚን ነው። ዛፍ ሥር ከቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሞተሩ ነክሶ ይዟል፣ አይዞርም። የጋቢናው ወለል ተበልቶ መሬቱ ይታያል። ባለቤቱ ግን ሻንሲው ምንም አልሆነም ይላል፤ እንዲያውም በቅርቡ ጥቁር ቀለም አስቀብቶታል። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ? ከገዛሁትስ ከምኑ ልጀምር? ወለሉን በፋይበርና በስቱኮ ብደፍነው ይይዝልኛል?»

ወንድሜ፣ ካነሳኸው ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ ያ ጥቁር ቀለም ነው። ሞተሩ መንከሱ አላስደነገጠኝም። የወለሉ መበላትም እንደዚያው። አሮጌ ሻንሲ ላይ ትኩስ ቀለም ሳይ ግን ቆም እላለሁ። አሥር ዓመት ዛፍ ሥር የቆመ መኪና፣ ሌላው ሁሉ እንደዛገ ተትቶ፣ ለምን ሥሩ ብቻ ተቀባ? ምናልባት ባለቤቱ በቅንነት ያደረገው ይሆናል። ቢሆንም ቀለሙ ምን እንደሸፈነ አንተም እሱም አታውቁም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ። እንዲህ ያለ መኪና ከታች መሰላል የሚመስል ሻንሲ አለው፤ ሁለት ረጃጅም ብረቶች፣ በመካከላቸው አግዳሚዎች። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ባሌስትራው (መኪናውን ተሸክመው የሚለጠጡት ተደራራቢ ብረቶች)፣ መሪው፣ ጋቢናው፣ የጭነት ሳጥኑ ሁሉም እዚያ ላይ የታሰሩ ናቸው። ሞተር ይቀየራል። በር ይቀየራል። ወለል ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይሠራል። ሻንሲው ከበሰበሰ ግን የቀረው ሁሉ የሚታሰርበት የለውም። ስለዚህ የምትገዛው ሻንሲውን ነው፤ ሌላው ምርቃት ነው።

የዚህ ሞዴል ሻንሲ ደግሞ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ዙሪያውን የተዘጋ ነው፣ እንደ ሳጥን። ጭቃና ውሃ በትናንሽ ቀዳዳዎች ይገባል፤ መውጫ ያጣል፤ እዚያው ተጋግሮ እርጥበት እንደያዘ ይከርማል። ብረቱ የሚበላው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ከውጭ ስታየው ሙሉና ለስላሳ ነው፣ ውስጡ ግን ወረቀት ሆኗል። እኔ ጀማሪ ሳለሁ በዚህ ተቃጥያለሁ። ልክ እንዳንተው ጥቁር የተቀባ ሻንሲ አየሁ፤ ሞተሩ ወዲያው ስለተነሳልኝ ደስ ብሎኝ ገዛሁ። ጋራዥ አምጥቼ የኋላውን በክሪክ ላነሳ ስል መኪናው አልተነሳም፤ ክሪኩ ነው ብረቱ ውስጥ የገባው። ድምፁን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ደረቅ ቅጠል እንደመርገጥ ነበር።

ስለዚህ ስትሄድ ትንሽ መዶሻ፣ ጠንካራ ካቻቢቴ፣ የእጅ ባትሪና ማግኔት ያዝ። ባለቤቱን አስቀድመህ አስፈቅድ። ከዚያ ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ፣ በየአንድ ስንዝሩ፣ ጎኑንም ሥሩንም ቀስ እያልክ ምታ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ መዶሻውም ይነጥራል። የተበላ ብረት ድብ ይላል፤ መዶሻው ይሞታል። ድብ ያለበት ቦታ ላይ ካቻቢቴውን ጫን አድርግ። ከገባ ነገሩ አለቀ። ከሁሉ በላይ ጊዜ ስጠው የምልህ የኋላ ባሌስትራ የሚንጠለጠልባቸውን ቦታዎች፣ የመጨረሻውን የኋላ አግዳሚና ጋቢናው የተቀመጠባቸውን እግሮች ነው። ከፊት ደግሞ የመሪው ሳጥን የታሰረበትን ብረት እይ። በቀዳዳዎቹ ባትሪ አብራና ጣትህን አስገባ። ቡናማ ዱቄት ብቻ ከሆነ ችግር የለም። እንደ ቅርፊት እየተላጠ በንጣፍ በንጣፍ የሚወጣ ከሆነ ግን ብረቱ ቀጥኗል። ሁለት ብረቶች የተደራረቡበት ቦታ አብጦ ካየህም ተጠንቀቅ። ዝገት ከተፈጠረበት ብረት ይልቅ ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል፤ በመሀል ገብቶ ሁለቱን ፈልቅቆ ይለያያቸዋል። ማግኔቱ ለጋቢናው ነው፤ የማይዝበት ቦታ ካለ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ነው።

ሻንሲው መጣመሙንም ለካ። ሜትር ይዘህ ከግራ የፊት ባሌስትራ ማንጠልጠያ እስከ ቀኝ የኋላው፣ ከዚያ ከቀኝ የፊት እስከ ግራ የኋላው። ሁለቱ ልኬቶች እኩል መሆን አለባቸው። የሻንሲ ቁጥሩ በቀኝ በኩል ከፊት ጎማ አካባቢ ብረቱ ላይ ተመትቷል። በሽቦ ብሩሽ አጽዳና ከሰነዱ ጋር አስተያየው። ቁጥሩ ተፍቆ ወይም ሌላ ቁራጭ ተበይዶበት ካገኘኸው፣ መኪናው ወርቅ ቢሆን እንኳ ተወው።

የኋላው ጫፍ አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ከተበላ ይሠራል፣ ግዛው። የመሪው ሳጥን አካባቢ ከበሰበሰ ወይም መሀሉ በረጅሙ ከተበላ ግን ሌላ ጤነኛ ሻንሲ ካላገኘህ አትግባበት። በነገራችን ላይ ላንድሮቨር ይሻለኛል ብለህ እንዳታስብ። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ ከጦርነቱ በኋላ ብረት ስላጠረ አካሉ ከአሉሚኒየም ተሠራ፤ ሻንሲው ግን ያው ብረት ነው። ላዩ ሳይዝግ ሥሩ ያልቃል።

አሁን ወደ ሞተሩ። በ1978 ቤንዚን ከሆነ ቱኤፍ የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ሞተር ነው። ብሎኩም፣ ከብሎኩ ላይ የሚታሰረው ቴስታታውም ወፍራም ብረት ነው። የታይሚንግ ቀበቶም ሰንሰለትም የለውም፣ በጥርስ ነው የሚሠራው። ብዙ የሚችል ሞተር ነው። ስለዚህ አትቸኩልበት። ባትሪ አስረህ በሞተሪኖ ለማዞር፣ ወይም ማርሽ አስገብተህ በሌላ መኪና ለማስጎተት እንዳትሞክር። የዛገ የፒስተን ቀለበት በጉልበት ሲላቀቅ ሲሊንደሩን ይዞ ይቧጭራል፤ ፒስተኑንም ሊሰብር ይችላል።

መጀመሪያ የዘይቱን ቡሎን ቀስ ብለህ ፍታ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፣ ካለ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ጥቂት ጠብታ ከሆነ የእርጥበት ነው። ብዙ ከወጣ በብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተበልቷል ወይም የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል፤ ቴስታታው መውረዱ አይቀርም። ከዚያ ስድስቱንም ካንዴላ ፍታና በየቀዳዳው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ቀላቅለህ ጨምር። አሴቶን እሳት ስለሚወድ ክፍት ቦታ ሥራ፣ የሚያጨስ ሰው አታስጠጋ። ቀናት ስጠው። ሲጎድል ሙላ። በዚህ መሀል የቫልቩን ክዳን አንሣና አሥራ ሁለቱንም ቫልቮች በየተራ በመዶሻ እጀታ ጫን እያልክ ሞክር። የነከሰ ቫልቭ ሳይላቀቅ ሞተሩን ካዞርከው ገፊ ዘንጎቹ ይጣመማሉ። ከዚያ ማርሹን ዜሮ አድርግና ከፊት የክራንክሻፍቱን ትልቅ ቡሎን በረጅም ቁልፍ ይዘህ ወደ ፊት ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ በል። የፀጉር ያህል ከተነቃነቀች ደስ ይበልህ፤ የቀረው ትዕግሥት ነው። ከተላቀቀ በኋላ ካንዴላ ሳትመልስ በሞተሪኖ አዙረህ የገባውን ዘይት አስተፋው። ፊትህን ዘወር አድርግ፣ በኃይል ነው የሚወጣው። ለማስነሳት ስትዘጋጅ ደግሞ የድሮውን ነዳጅ አትጠቀም። አሥር ዓመት የቆየ ቤንዚን እንደ ቫርኒሽ ተጣብቆ ካርቡሬተሩን ይደፍናል። ከጎን በንጹህ ጀሪካን አዲስ ቤንዚን ስጠው።

የድሮውን የነዳጅ ታንክ አውርድና አርቀህ አስቀምጥ። ቢበሳም አትበይደው። ባዶ ታንክ ውስጥ የቀረው ትነት ይፈነዳል፤ ሰው የገደለ ነገር ነው።

ከምኑ ልጀምር ላልከው፣ ሁሉን በአንድ ቀን ፈትተህ አትበትን። እባክህ። ከዝገት ይልቅ ብዙ መኪና የገደለው እሱ ነው፤ ተፈቶ በየጥጉ ተከምሮ ባለቤቱ የቱ ከየት እንደወጣ ረስቶ የቀረ ስንት አይቻለሁ። ከመፍታትህ በፊት ፎቶ አንሣ። የእያንዳንዱን ክፍል ቡሎንና ዳዶ በከረጢት አድርገህ ስሙን ጻፍበት። አንድ ክፍል ጨርሰህ ወደ ሌላው እለፍ። የነከሰ ቡሎን ሲገጥምህ በብሩሽ ጥረግ፣ ዘይት ንከር፣ እደር። በማግስቱ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው አዙረው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው። እምቢ ካለ ዳዶውን በእሳት አሙቀው። የነዳጅና የፍሬን ቱቦ አጠገብ ግን እሳት አይኑር።

ከሻንሲው ቀጥሎ ፍሬን ነው። ሞተሩ ተነሳልኝ ብለህ በግቢ ውስጥ እንኳ ያለ ፍሬን እንዳትነዳው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ቆይቶ ሲሊንደሮቹን ከውስጥ ያዝጋል። ማስተር ሲሊንደሩንና የየጎማውን ሲሊንደር ክፈት፣ ውስጣቸው ከተቦረቦረ ቀይር። የጎማ ቱቦዎቹን ሳታይ ቀይር፤ ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ አብጠው ይዘጋሉ። ጎማዎቹ ላይም ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ታገኛለህ፤ የመጀመሪያው ሁለቱ ሳምንት፣ የቀሩት ሁለቱ ጎማው የተሠራበት የፈረንጆች ዓመት ናቸው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካለ ጎማው እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፣ ሳታመነታ ጣለው።

ወለሉን በፋይበርና በስቱኮ ብደፍነውስ ላልከው፣ አይሆንም። ስቱኮ ጤነኛ ብረት ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ለማስተካከል ነው እንጂ ቀዳዳ ለመድፈን አይደለም። ውሃ ይጠጣል። ፋይበሩም ከሥሩ እርጥበት ይዞ ይቀመጣል፣ ዝገቱም በጨለማ ሥራውን ይቀጥላል። ደግሞ ወለሉ መቀመጫህ የታሰረበት ነው፤ ብትጋጭ የሚይዝህ እሱ ነው።

ትክክለኛው መንገድ መቁረጥ ነው። ከመቁረጥህ በፊት ግን በሮቹ በሚገቡበት ክፍተት አግድም ብረት በይድ። አለዚያ ወለሉ ሲወጣ ጋቢናው ይጣመምና በሩ ዳግም አይገጥምልህም። ዝገቱን አልፈህ ጥርት ያለ የሚያበራ ብረት እስክታገኝ ቁረጥ። በዚያው ውፍረት ላሜራ ቅረጽና በሚግ (ሽቦውን ራሱ በሚያወጣው የብየዳ ማሽን) በይድ። በአንድ ጊዜ መስመር አታስኪደው፤ አንዲት ነጥብ እዚህ፣ ቀጣዩዋ ከዚያ ማዶ፣ እያቀዘቀዝክ። ስስ ላሜራ ከጋለ ይጎብጥብሃል። ከመበየድ በፊት የባትሪውንና የዲናሞውን ገመድ ንቀል። ብረቱንም ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ አትጥረግ፤ ብየዳ ሲያገኘው ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይወጣዋል። ይህን አደራ እልሃለሁ።

ሻንሲው ላይ ብየዳ ካስፈለገ እጅህን አትለማመድበት፤ ለለመደ ሰው ስጠው። የሚለጠፈው ብረት የሻንሲውን ያህል ውፍረት ይኑረው፣ ጫፉ ሰያፍ ተደርጎ ይቆረጥ። ሻንሲውን ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች የሚያቋርጥ የብየዳ መስመር ካለ የሚሰነጠቀው እዚያው ላይ ነው።

ቀላል ዝገት ላለበት ቦታ የሽቦ ብሩሽና ግራይንደር ይበቃል። ፎስፎሪክ አሲድ ያለባቸው ፈሳሾች ከብሩሽ በኋላ የቀረችውን ስስ ዝገት ያስተኛሉ፤ የጠፋ ብረት ግን አይመልሱም። ለትናንሽ ዕቃ ባልዲ ውስጥ ውሃና የልብስ ሶዳ ቀላቅለህ፣ ዕቃውን ከ12 ቮልት ቻርጀር ኔጌቲቭ፣ ተራ ቁራጭ ብረትን ከፖዘቲቭ ጋር አገናኝ። አይዝጌ ብረት አትጠቀም፣ ውሃውን በክሮም ይመርዘዋል። ሃይድሮጅን ስለሚወጣው ደጅ ላይ አድርገው።

ሁሉ ሲያልቅ ባዶ ብረት ላይ መጀመሪያ ኤፖክሲ የሚባለውን የመነሻ ቀለም ቀባ፣ ስቱኮ ካስፈለገ ከዚያ በላይ ይሁን። መጋጠሚያዎቹን በማሸጊያ ዝጋ። የሻንሲውን የውስጥ ጭቃ በግፊት ውሃ አጥበህ አውጣ፣ ብዙ ቀን አድርቀው፣ ከዚያ በረጅም ቱቦ ሰም በውስጡ እርጭ። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ክፍት መሆናቸውን ሳታረጋግጥ አትርጭ።

እስከዚያው አንድ ሥራ ብቻ አለህ። ሂድና ምታው። ባለቤቱ መዶሻ አታስነካው ካለህ መልሱን ሰጥቶሃልና ተመለስ። ከፈቀደልህ የኋላ ባሌስትራ ማንጠልጠያዎቹን ድምፅ ጻፍልኝ፣ ቀጣዩን አብረን እናያለን።