ተራራውን ለልጆቻችን ብቻ አንተው፦ ምክር በኮሎራዶ ለምትኖሩ ወገኖቼ

በኦሮራ ከሃያ ዓመት በላይ ስኖር ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚለምነኝ በረዶ እንዳሳየው ነው። እኛ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም፣ ተራራ የሚያለብሰውንም በረዶ ስለምንለው፣ የሦስቱ ጠባይ አንድ ይመስለናል፤ የተራራው ግን ናዳ ሆኖ ሰው ይገድላል።

1. ስለ መንገዱ። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው የአይ-70 መንገድ ስትጓዙ የበረዶ ጎማ ይኑራችሁ ወይም ሰንሰለት ያዙ፤ ኢንሹራንሳችሁንም አትርሱ።

2. ስለ በረዶው። የሮኪ ተራሮች በረዶ በየወጀቡ እየተደራረበ የሚከማች ሲሆን፣ ንብርብሮቹ እኩል አይያያዙም። በኦክቶበርና በኖቬምበር የወረደው ስስ በረዶ ከበታቹ ሞቅ ባለ መሬት፣ ከበላዩ ብርቱ ቅዝቃዜ ተይዞ ሲሰነብት፣ ከታች ወደ ላይ የሚያልፍበት እንፋሎት ቅንጣቶቹን ይለውጣቸዋል፤ በእፍኛችሁ ብትዘግኑት እንደ ስንዴ በጣቶቻችሁ መካከል ይፈስሳል። በኋላ ከባድ በረዶ ሲጥልና ነፋስ ከሸንተረሩ ማዶ ጠርጎ ሲቆልልበት፣ ጠንካራው ንጣፍ በዚያ ልል ነገር ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ለመናድ የአንድ ሰው ክብደት ይበቃዋል። ናዳው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ተዳፋት ነው፤ ሰው ለሞተበት ናዳም መነሻው በአብዛኛው ሟቹ ራሱ ወይም ጓደኛው ነው። ከሥር ሜዳው ላይ የቆመ ሰው እንኳ ከላይ ያለውን በራሱ ላይ ሊያወርድ ይችላል።

3. ስለ ቁጥሩ። የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል በክረምት በየቀኑ ትንበያ ያወጣል፤ አደጋውንም ከ1 እስከ 5 በደረጃ ያስቀምጣል። 3 ስታዩ እንደ ልጅ ፈተና «ከአምስት ሦስት አምጥቷል፣ አልፏል» አትበሉ፤ በ3 የሞተው ሰው ብዙ ነው። ምልክት አስተላላፊው ቢከን፣ መፈለጊያው ዘንግና አካፋው በእያንዳንዱ ሰው ላይ መኖር አለባቸው፤ ምክንያቱም የተቀበረ ሰው የመትረፍ ተስፋው ከ15 ደቂቃ ያህል በኋላ በፍጥነት ስለሚመነምን፣ የሚደርስለት አብሮት ያለው ጓደኛው ነው። ይህም ዋስትና አይሆንም፤ በኤፕሪል 2013 ላቭላንድ ፓስ በሚባለው የተራራ መተላለፊያ አቅራቢያ በሺፕ ክሪክ ናዳ ከያዛቸው ስድስት ልምድና መሣሪያ ካላቸው ሰዎች አምስቱ ሞተዋል። ሂሳብ ይመጣብናል ብላችሁም 911 ከመደወል አትቆጠቡ፤ በኮሎራዶ ተራራ ላይ አደጋ የደረሰበትን ሰው የሚፈልጉት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ለፍለጋውም አያስከፍሉም።

4. ስለ ልጆቻችን። እኛ ሁለት ሥራ ስንሮጥ ልጆቻችን ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር ስኖውቦርድ ተምረዋል፤ ከተጠበቀው የስኪ ሜዳ አጥር ውጭ መውጣትም ጀምረዋል። እናንተ ግን «ብርድ እንዳይመታህ» ብላችሁ ጃኬት ታቀብላላችሁ። ወዴት አቅጣጫ ወደሚያይ ተዳፋት እንደሚሄድ፣ ከማን ጋር እንደሆነ፣ የዕለቱ ቁጥር ስንት እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣች እህቴን ላቭላንድ ፓስ ወሰድኳት። እርሷ በነጠላዋ፣ እኔ በስኒከር ሆነን፣ ፎቶው እንዲያምር ከመንገዱ ወጥተን ወደ ተዳፋቱ ገባን። በድንገት ከእግሬ ሥር እህል የሞላ ጆንያ መሬት ላይ እንደወደቀ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ በረዶው ትንሽ ዝቅ አለና ከጫማዬ ጫፍ የተነሣ ቀጭን ስንጥቅ ወደ ላይ ሮጠ። የ16 ዓመቱ ልጄ ከመንገዱ ዳር ሆኖ በእንግሊዝኛ እየጮኸ ይጠራኝ ነበር። የሚለው አልገባኝም፤ የገባኝ መጮኹ ብቻ ነበር፤ እናም በአክስቱ ፊት «በአባትህ ላይ ድምፅህን አታንሣ» ብዬ ገሠጽኩት። ልጁ ያየው ስንጥቅ የናዳ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ «ውጣ» የምትለውን ቃል እንኳ በአማርኛ አላስለመድኩትም። ተዳፋቱ ሳይለቅ ቀረ። ልጄ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ተራራ አንድም ነገር ነግሮኝ አያውቅም፤ የሚሄድበትን ከጓደኞቹ እናቶች እሰማ ነበር።

ስለዚህ እባካችሁ ሳትቆጡ ጠይቁ፤ ሲያስረዳችሁም ስልካችሁን አስቀምጣችሁ አድምጡ፤ ተዳፋትን፣ ንብርብርን፣ ስንጥቅን በአማርኛ አስተምሩት፣ እርሱ ደግሞ የሚያውቀውን ያስተምራችሁ። እኔ አሁን ቅዳሜ ጠዋት ቡናው ሳይፈላ ትንበያውን ከፍቼ አነባለሁ፤ ከዚያ እደውልለታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው ከጨለመ በኋላ ነው።