የማዕድን ማውጫ መሪን በምን እንመዝነው?

ጥያቄ፦ በአንድ የወርቅ ማውጫ ድርጅት የአካባቢ ጥበቃ ክፍል ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም። አለቆቼ ስለ ዘላቂነት ሲጠየቁ የሚያነሡት ያሠሩትን ትምህርት ቤትና ያስተከሉትን ችግኝ ነው። የአመራር ኃላፊነት የሚለካው በዚህ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ትምህርት ቤቱም ችግኙም ለአካባቢው ሕዝብ የሚገባ ነው፤ መሪው የሚፈተነው ግን ሌላ ቦታ ነው። ማዕድን ማውጫ ወርቁን ወስዶ ዝቃጩን፣ ማለትም ድንጋዩ ተፈጭቶ ማዕድኑ ከተለየ በኋላ የሚቀረውን ጭቃማ ተረፈ ምርት፣ እዚያው የሚተው ሥራ ስለሆነ፣ ዝቃጩም ምርቱ ካበቃ በኋላ ለብዙ ትውልድ ስለሚቆይ፣ በመጀመሪያ መታየት ያለበት ዝቃጩን አግዶ የሚይዘውን ግድብ የሚከታተለው ባለሙያ ሥጋቱን ሲናገር ቃሉ ሳይለዝብ እስከ ዋና ሥራ አስፈጻሚው መድረሱ ነው።

የብራዚሉን የማዕድን ኩባንያ ቫሌን ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 ቫሌ ከሌላው የማዕድን ኩባንያ ከቢኤችፒ ጋር በሽርክና በያዘው የሳማርኮ ብረት ማውጫ፣ በማሪያና አቅራቢያ፣ የዝቃጭ ግድብ ተንዶ 19 ሰዎች ሞቱ፤ ዝቃጩም የዶሴን ወንዝ ተከትሎ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ ደረሰ። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 2019፣ በዚያው በሚናስ ዤራይስ ግዛት በብሩማዲንዮ ሌላ የቫሌ ግድብ ተደርምሶ 270 ሰዎች አለቁ። ግድቡ አስተማማኝ ነው የሚል የምስክር ወረቀት ከወራት በፊት ተሰጥቶት ነበር፤ የማስጠንቀቂያው ሳይረንም አልጮኸም። ቢሮውና የሠራተኞቹ ምግብ ቤት የተሠሩት ደግሞ ከግድቡ በታች፣ ዝቃጩ ሊወርድ በሚችልበት አቅጣጫ ነበር። ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ሠራተኞችን ከዚያ ቦታ ለማንሣት አዲስ ሳይንስ አያስፈልግም ነበር፣ የሚያስፈልገው የመሪ ውሳኔ ነበር።

ከአደጋው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም የተሳተፈበት ዓለም አቀፍ የዝቃጭ አያያዝ ደረጃ ወጣ። ደረጃው ለግድቡ ደኅንነት የሚጠየቅ፣ በቀጥታ ለዋና ሥራ አስፈጻሚው ተጠሪ የሆነና ከዲሬክተሮች ቦርድ ጋር የሚነጋገር ከፍተኛ ኃላፊ እንዲሰየም፣ ሥጋት የሚያጋልጥ ሠራተኛም ከበቀል እንዲጠበቅ ይጠይቃል። ድርጅቶች በፈቃዳቸው የሚቀበሉት እንጂ በራሱ ሕግ ስላልሆነ ያልተቀበለውን ማስገደድ አይቻልም፤ ለእርስዎ ግን ጥሩ መመዘኛ ይሆናል።

ስለዚህ በመሥሪያ ቤትዎ የግድቡ ኃላፊ ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ ያጣሩ። ለምርት ሥራ አስኪያጁ ከሆነ፣ የምርት ዕቅዱ ሲጓተት ሥጋቱን ማቆየት የሚቀናው ያው ሰው ነውና አደገኛ ነው። የአለቆችዎ ጉርሻ በወጣው ወርቅ ብቻ ይሰላል ወይስ የግድቡም ደኅንነት ይታሰብበታል? ግድቡ ሥጋት ሲያሳይ ሥራ የማስቆም ሥልጣን ያለው ማን ነው፣ ከዚህ ቀደምስ ተጠቅሞበታል? እነዚህን ጥያቄዎች ለክፍል ኃላፊዎ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ቅጂውንም ያስቀምጡ።