ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የጡት ወተት ማለቢያዬን እንዴት ላጽዳው?

*ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የሦስት ወር ልጅ አለኝ። የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ስለሆነ በቅርቡ ሥራ እገባለሁ። አሜሪካ ያለችው እህቴ እሷ ስትጠቀምበት የነበረውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ የጡት ወተት ማለቢያ ላከችልኝ። መለማመድ ጀምሬ ነበር፤ ሰሞኑን ግን ቀጭኗ ቱቦ ውስጥ ጥቋቁር ነጠብጣብ አየሁ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ዕቃዎቹን ቀን ሳሙና ባለው ውሃ ነክሬ የማጥባቸው ማታ ነው። ልጄን ይጎዳው ይሆን? ሥራ ቦታስ እንዴት ላድርግ? — ከአዲስ አበባ*

ቢዘገይም እንኳን በሰላም ተገላገሉ።

ከቱቦዋ ልጀምር። ይጣሏት፣ ዛሬውኑ። ያዩት ነገር ሻጋታ ሳይሆን አይቀርም። ቱቦዋ ወተት አታሳልፍም፣ አየር ብቻ ነው የምትስበው። ግን እርጥበት ከገባባት ሻጋታ ይይዛታል፤ ከያዛት ደግሞ ብሩሽም ሆነ ፈላ ውሃ አያድናትም። በዚያ ቱቦ አልበው ፍሪጅ ያስቀመጡት ወተት ካለም ይድፉት። ስንት ደክመውበት እንዳጠራቀሙት አውቃለሁ፤ ግን ይድፉት። አዲሷን ቱቦ ካገኙ በኋላ ውስጧ ጤዛ ባዩ ቁጥር፣ አልበው ሲጨርሱ ማሽኑን ቱቦዋ እስክትደርቅ ድረስ ለጥቂት ደቂቃ ባዶውን ያሠሩት።

ስለ ማሽኑ ራሱም ልንገርዎት። የማለቢያ ማሽን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወተቱ ወደ ቱቦውና ወደ ሞተሩ እንዳያልፍ የሚከለክል ላስቲክ አለው። ሌላው ይህ መከለያ የለውም፤ ስለዚህ ወተት እጅ ወደማይደርስበት ሞተር ሊገባ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለአንድ ሰው ተብሎ የተሠራን ማለቢያ ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት ይመክራል፤ ምክንያቱም በወተት የሚተላለፉ ተሕዋስያን አሉ። የእህት መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ደውለው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይጠይቋት። መከለያ ከሌለው ይተዉት። መከለያ ኖሮት ከአንድ በላይ ሰው እንዲጠቀምበት የተሠራ ከሆነ ግን ወተት የሚነካውን ክፍል ሁሉና ቱቦዋን በአዲስ ይቀይሩ። እነዚህ ለብቻቸው ይሸጣሉ፤ ለሞዴሉ የሚገጥመውን እሷው ገዝታ ብትልክልዎ ይሻላል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፤ ነክሮ ማቆየቱ። በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ያለ ጊዜው የተወለደ አንድ ሕፃን ክሮኖባክተር በሚባል ባክቴሪያ የማጅራት ገትር ያዘው። ሲመረመር ባክቴሪያው ከእናቱ ማለቢያ ላይም ተገኘ። እናትየው ዕቃዎቹን ሳሙና ባለው ውሃ ለሰዓታት ነክራ ታቆይ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የአገሪቱ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከል ማዕከል ስለ ማለቢያ ንጽሕና ዝርዝር መመሪያ አወጣ። በሽታው በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው፤ እንዲሸበሩ አልፈልግም። የነገርኩዎት ሳሙናው ውሃ ውስጥ ስላለ ብቻ ዕቃው ይጸዳል ብለን ስለምናስብ ነው። አይጸዳም። ወተት የተቀላቀለበት ውሃ ቆሞ ከዋለ ባክቴሪያ ይራባበታል።

ልጅዎ በደንብ የሚጠባና ክብደት የሚጨምር ከሆነ አይጨነቁ። ትኩሳት ካለው፣ አልጠባም ካለ፣ ከወትሮው ከደነዘዘ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

ውሃ በፈረቃ ነው ብለዋል። ማለቢያውን ለማጠብ ብዙ ውሃ አያስፈልግም፤ ክዳን ባለው ጀሪካን የተቀመጠ ንጹሕ ውሃ ይበቃል። በመጀመሪያ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። አልበው እንደጨረሱ ወተት የነካውን ሁሉ ይፈታቱት፤ ትንሿ ላስቲክ ሳትቀር። በጆግ ውሃ እያፈሰሱ ወተቱን ያስለቅቁት። ከዚያ ለዚህ ብቻ በተለየች ሳፋ፣ በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና፣ ለዚህ ብቻ በተለየ ብሩሽ ይሹት። የልብስ ሳፋ አይሆንም። ሲንክ ውስጥም አያስቀምጡት፤ ሥጋም ጎመንም የሚታጠብበት ነው። እንደገና በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁትና ንጹሕ ፎጣ ላይ ዘርግተው በራሱ ይድረቅ። በወጥ ቤት ጨርቅ አይወልውሉት፤ ጨርቁ ላይ ያለው ጀርም ተመልሶ ዕቃው ላይ ያርፋል። ሳፋዋንና ብሩሹንም በየጥቂት ቀኑ ይጠቧቸው።

በቀን አንዴ ደግሞ ይቀቅሉት፤ ቱቦዋንና ሞተሩን ሳይጨምር። ያነሳሁት የአሜሪካው ማዕከል መመሪያ 5 ደቂቃ ነው የሚለው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ እኔ ለእናቶች 10 ደቂቃ እላቸዋለሁ። ፕላስቲኩ መቀቀል የሚችል መሆኑን ብቻ ከማሽኑ የአጠቃቀም መመሪያ ላይ ይዩ። ከሁለት ወር በታች ለሆነ፣ ያለ ጊዜው ለተወለደ ወይም ሕመም ላለበት ሕፃን ይህን በየቀኑ ማድረግ ግድ ነው።

ሥራ ቦታ፣ እባክዎ ሽንት ቤት ውስጥ አይለቡ። ለልጅዎ ምግብ እያዘጋጁ ነውና በሩ የሚዘጋ ክፍል ይጠይቁ፤ ማፈር የለብዎትም። ማጠቢያ ከሌለ ሁለት ሦስት ስብስብ ንጹሕ ዕቃ ይዘው ይሂዱ፣ የተጠቀሙበትን ለይተው ያስቀምጡና ቤት እንደገቡ ይጠቡት። የታለበው ወተት ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ ቢበዛ ለ4 ሰዓታት ይቆያል። ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ የቀዘቀዘ የበረዶ ጥቅል ባለበት የማቀዝቀዣ ቦርሳ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል።

ይህ ሁሉ ከበዛብዎት፣ ወይም የእህትዎ ማሽን የማይሆን ከሆነ፣ በእጅ ማለብ አለ። የእጅ ማለብን እናቶቻችን አሳንሰው አያዩትም፤ እኔም አላይም። መብራት አይፈልግ፣ ቱቦ የለው። የታጠበ እጅና አፈ ሰፊ ንጹሕ ኩባያ ይበቃል። አውራ ጣትዎን ከላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከታች፣ በጥቁሩ ክብ ዳር ያድርጉ። መጀመሪያ ወደ ደረትዎ ገፋ፣ ከዚያ ጭመቅ፣ ለቀቅ። ጣትዎን ቆዳው ላይ አያንሸራቱ። ካመመዎት አያያዝዎን ያስተካክሉ። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ጠብታ ብቻ ቢወጣ ተስፋ አይቁረጡ። ሥራ ሳይገቡ ከአሁኑ ይጀምሩት፤ ጠዋት ልጅዎ አንዱን ጡት ሲጠባ ሌላው በራሱ ጊዜ ማንጠባጠብ ይጀምራል፤ ያኔ ኩባያዋን ጠጋ ያድርጉለት።