ጣና ዳር መሆን እንደ ወደብ ያሳድጋል?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «የበለጸጉት ከተሞች የባሕር ጠረፍ ከተሞች ከሆኑ፣ የእኛ ከተማ በውኃ ዳር ተቀምጣ እንደ እነሱ ያላደገችው ለምንድን ነው?» ይሉኛል። ምን ልመልስላቸው?

መልስ፦ የጠረፍ ከተማ ዋናው ጥቅም ከሩቅ አገር ጋር በርካሽ መገበያየቱ ነው። በመርከብ የሚጓዝ ጭነት በየብስ ከሚጓዘው እጅግ ያነሰ ስለሚያስከፍል፣ ጥሬ ዕቃ ከውጭ አስገብቶ ምርቱን መልሶ የሚልክ ፋብሪካ ወደብ አጠገብ ቢተከል ይቀናዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 ልዩ የኢኮኖሚ ዞን የሆነችው የቻይናዋ ሸንዘን እንደዚያ የገሠገሠችው ከሆንግ ኮንግ ወደብ አጠገብ በመሆኗ ጭምር ነው።

ጣና ግን የቱንም ያህል ቢሰፋ ወደ ባሕር የሚያወጣ የመርከብ መንገድ የለውም። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ጢስ ዓባይ ላይ ከገደል ይወረወራል፤ ከዚያ በታች ያለው ሸለቆም መርከብ አያስኬድም። ስለዚህ የሐይቁ ንግድ በታንኳ ተጭኖ ለከተማው ገበያ ከሚቀርበው ማገዶና በጀልባ ወደ ዘጌ፣ ደቅና ጎርጎራ ከሚመላለሰው ሰውና ዕቃ ብዙም አያልፍም። ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ምርት በአዲስ አበባ በኩል ይሂድ ቢባል፣ በደብረ ማርቆስ አድርጎና የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ከተጓዘ በኋላ ገና 750 ኪሎ ሜትር ያህል የጅቡቲ የባቡር መንገድ ይቀረዋል።

ጠረፍ ላይ መገኘትም ቢሆን ብቻውን አያበለጽግም። አሰብ የኢትዮጵያ ዋና ወደብ በነበረችበት ዘመን እንኳ ትልቅ የኢንዱስትሪ ከተማ አልሆነችም፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣና የኢትዮጵያ ጭነት ሲቀር ደግሞ ወደቡ ሥራ ፈታ። በአንጻሩ ጆሃንስበርግ ልክ እንደ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፣ ከደርባን ወደብ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ የደቡብ አፍሪካ የኢኮኖሚ እምብርት ሆናለች። መነሻዋ በ1886 እ.ኤ.አ. የተገኘው ወርቅ ነው፤ ወርቅ ክብደቱ ጥቂት፣ ዋጋው ብዙ በመሆኑ የመንገዱን ወጪ በቀላሉ ይችላል።

በእኔ አስተያየት ለባሕር ዳር የሚበጃትም ይኸው ስሌት ነው። ሲሚንቶ ወደ ውጭ ልላክ ብትል የጭነቱ ሒሳብ ትርፉን ይበላዋል። ቡና፣ በአውሮፕላን የሚሄድ አበባ፣ የዩኒቨርሲቲው ዕውቀትና ገዳማቱን ለማየት የሚመጣ ጎብኚ ግን ርቀቱን ይቋቋማሉ፤ ጎብኚማ ጭራሽ ገንዘቡን ይዞ ራሱ ይመጣል፣ ሰላም እስካለ ድረስ። ለአገር ውስጥ ገበያ የሚመረተው ጨርቅና ዘይትም ቢሆን ርቀቱ እንዲያውም ይጠቅመዋል፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ተወዳዳሪ ያንኑ መንገድ ከፍሎ መግባት አለበትና።

ተማሪዎችዎ የአንድ ኩንታል ቡናና የአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ዋጋ ከገበያ፣ እስከ ጅቡቲ የሚጠየቀውን የጭነት ክፍያም ከከባድ መኪና ሾፌሮች ጠይቀው ክፍያው ከእያንዳንዱ ዋጋ ስንት እጅ እንደሚሆን ቢያሰሉ፣ መልሱን ራሳቸው ያገኙታል።