የገብስና የአትክልት ሾርባ በስሎው ኩከር፦ ገብሱ ገንፎ እንዳይሆን፣ ካሮቱም ጥሬ እንዳይቀር

እህታችን የጠየቀችው ባጭሩ ይህ ነው። ለጾም የገብስና የአትክልት ሾርባ በስሎው ኩከር፣ ማለትም ቀስ አድርጎ በሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት፣ ትሠራለች፤ ጠዋት ሁሉንም አንድ ላይ ጨምራ ወደ ሥራ ትወጣለች። ማታ ስትመለስ ገብሱ ገንፎ ሆኗል፣ ካሮቱ ገና ኮሽ ይላል፣ መረቁም ጥሬ ሽንኩርት ይሸታል። ቀይ ቦሎቄ ብትጨምርበት እንዴት እንደሚሆንና አንድ ማሽን ገዝታ አዲስ አበባ ላሉት እናቷ መላክ ትችል እንደሆነም ጠይቃለች።

እህቴ፣ ሦስቱም ችግሮች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ሰዓት በመጨመርና በመቀነስ ብቻ አይስተካከሉም። ሰዓት ብትጨምሪ ካሮቱ ይበስላል፣ ገብሱ ግን ይብስበታል። ብትቀንሺ ገብሱ ይተርፍና ካሮቱ ጥሬ ይቀራል። መስተካከል ያለበት የእህሉ መጠን፣ የአትክልቱ አቆራረጥና ምን መቼ እንደሚገባ ነው።

ከሽንኩርቱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። ስሎው ኩከር ውስጥ ያለው ሙቀት ከመፍላት አያልፍም። ክዳኑ ስለሚዘጋ ከአትክልቱ የሚወጣው ውሃ እንደ እንፋሎት አይሄድም፣ ተመልሶ ድስቱ ውስጥ ይወርዳል። ስለዚህ ጥሬ ሽንኩርት እዚያ ውስጥ ስምንት ሰዓት ቢቆይም ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። ያ የሚሸትሽ ሽታ ይኸው ነው፤ በርበሬ ከጨመርሽበትም ጥሬ ጥሬ ማለቱ አይቀርም። ማሽኑ ቁሌት አይሠራልሽም። አሥራ አምስት ደቂቃ ምድጃ ላይ መሥራት ግድ ነው፤ ጠዋት ጊዜ ከሌለሽ ማታ አቁላልተሽ ፍሪጅ አሳድሪው።

መጠኑን ስድስት ኳርት ለሚይዘው፣ ማለትም አምስት ሊትር ተኩል ግድም ለሆነው፣ ልንገርሽ፤ ብዙ ቤት ያለው እሱ ነው፣ ለስምንት ሰው ይበቃል። ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፍ። መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውሃው እስኪመጥ ድረስ እያማሰልሽ አብስዪው፤ ከዚያ ሩብ ኩባያ ዘይት ጨምረሽ ወርቃማ እስኪሆን ቁላዪው። አምስት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል ወቅጠሽ ጨምሪ። አልጫ ከፈለግሽ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ይበቃል። ቀይ ከፈለግሽ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምረሽ፣ እንዳያርርብሽ ውሃ ጠብ እያደረግሽ አምስት ደቂቃ አቁላዪ። የቲማቲም ድልህ የምትወጂ ከሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ እዚሁ ላይ ይግባ፤ ቁሌቱ ውስጥ ሲጠበስ ጥሬነቱ ይጠፋል።

ገብሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሾርባው የሚበላሸውም የሚያምረውም በእሱ ነው። ለዚህ ድስት የሚበቃው ሦስት ሩብ ኩባያ፣ ማለትም 150 ግራም ደረቅ ገብስ ብቻ ነው። ድስቱ ውስጥ ሲታይ በጣም ያንሳል፤ ብዙ ሰው “ይህማ ምን ይሆናል” ብሎ የሚደግመው ለዚህ ነው። ገብስ ግን ከክብደቱ ሦስት እጥፍ ያህል ውሃ ይጠጣል። 150 ግራሙ ግማሽ ሊትር ገደማ ሲወስድ፣ ሁለት ኩባያ ብትጨምሪ ግን ከአንድ ሊትር በላይ መረቅ ጠጥቶ የቀረውንም በስታርቹ ያወፍረዋል። ያን ጊዜ ማንኪያው ይቆማል።

ዓይነቱም ወሳኝ ነው። አሜሪካ ሱቅ ውስጥ ሦስት ዓይነት ታገኛለሽ። ኩዊክ ባርሊ የሚሉት አስቀድሞ በእንፋሎት በስሎ የተዳመጠ ነው፤ ምድጃ ላይ በአሥር ደቂቃ ስለሚደርስ ስሎው ኩከር ውስጥ ፈጽሞ አይሆንም፣ ያንቺም ገብስ እሱ እንዳይሆን ከረጢቱን እዪ። ፐርልድ ባርሊ ውጫዊ ሽፋኑ የተፋቀ፣ ነጣ ያለ ነው፤ በሎው፣ ማለትም በማሽኑ ዝቅተኛ ሙቀት፣ ሰባት ሰዓት ይበቃዋል። ሃልድ ባርሊ ደግሞ ገለባው ብቻ የተነሣለት ቡናማ ገብስ ነው፣ የሐበሻ ሱቅ ፍትግ ገብስም ለዚህ ይቀርባል። ይህ ጠንካራ ስለሆነ ዘጠኝና አሥር ሰዓት ቢቆይም ፍሬው አይፈርስም። ጠዋት ወጥተሽ ማታ የምትመለሺ ከሆነ የምመክርሽ ይህን ነው፤ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ ብታሳድሪው የበለጠ እኩል ይበስላል።

ገብሱን ውሃው እስኪጠራ እጠቢ። ከዚያ ሳትዘፈዝፊው የምትጨምሪ ከሆነ አጠንፍፈሽ በደረቅ መጥበሻ አራት አምስት ደቂቃ አምሺው። ቆሎ ቆሎ መሽተት ሲጀምርና ጫፉ ቀላ ሲል አውጪው። ይህን አደርገሽ የሠራሽው ሾርባ ሽታው ራሱ ሌላ ነው፣ ፍሬውም ቶሎ አይላቆጥም። በዚህ ላይ ግማሽ ኩባያ የተለቀመና የታጠበ ድፍን ምስር ጨምሪ፤ መዘፍዘፍ አያስፈልገውም። ክክ ምስር ግን ይሟሟል፤ መረቁ እንዲወፍር ከፈለግሽ ብቻ ተጠቀሚበት።

ወደ ካሮቱ ስንመጣ ሦስት ነገር ያስቸግረዋል። አንደኛው መጠኑ ነው፤ በከረጢት የሚሸጡትን ትንንሽ ካሮቶች እንዳሉ መጨመር የተለመደ ነው፣ ግን ውፍረታቸው ከሚገባው በላይ ነው። ሦስት መካከለኛ ካሮት ከአንድ ሳንቲ ሜትር ባልወፈረ ክብ ቁረጪ፤ ሁለት ድንች ደግሞ በሁለት ሳንቲ ሜትር ኩብ። ሁለተኛው ቦታው ነው፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከጎንና ከሥር ስለሆነ ካሮትና ድንች ከታች፣ ግድግዳውን ተጠግተው ይቀመጡ፣ እህሉ ከላይ ይሁን። ላይ ላይ የተንሳፈፈ ካሮት ሁልጊዜ ወደኋላ ይቀራል። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያስበው ቲማቲም ነው። አሲድ ፔክቲንን፣ ማለትም አትክልቱን አጣብቆ የሚይዘውን ነገር፣ ስለሚያጠነክር፣ ቲማቲም ከመጀመሪያው ከገባ ካሮቱም ድንቹም ምስሩም ለመለስለስ እምቢ ይላሉ። ሁለት ቲማቲም ወይም አንድ ጣሳ ቲማቲም መጨረሻ ላይ፣ ሌላው ከበሰለ በኋላ ጨምሪ። ሎሚም እንዲሁ፣ ሊወጣ ሲል ብቻ። ቁሌቱ ውስጥ የገባው አንድ ማንኪያ ድልህ ጥቂት ስለሆነ አያስቸግርም።

ሁለት አገዳ ሴለሪ ከካሮቱና ከድንቹ ጋር ይግባ። ሩብ ጥቅል ጎመን ቤት ከሆንሽ የመጨረሻው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይሻላል፣ ቀኑን ሙሉ ከቆየ ሽታው ይበረታል።

ቁሌቱን ከላይ አፍስሺና ዘጠኝ ኩባያ፣ ማለትም ሁለት ሊትር ከሁለት መቶ ሚሊ ሊትር ገደማ፣ የፈላ ውሃ ጨምሪ። የፈላ የምለው ማሽኑ ቀዝቃዛውን እስኪያሞቅ ረጅም ጊዜ ስለሚባክን ነው። ግን አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ የሸክላው ድስት ፍሪጅ ካደረ የፈላ ውሃ አታፍስሺበት፣ ይሰነጠቃል። ማታ የከተፍሽውን በሌላ ዕቃ አሳድሪና ሸክላውን ውጪ ተዪው። ጨው ሁለት የሻይ ማንኪያ በመጀመሪያ፣ የቀረውን ቀምሰሽ በመጨረሻ። ድስቱ ከግማሽ በላይ ከሦስት አራተኛ በታች መሞላት አለበት። ከዚያ ካነሰ ዳር ዳሩ ያርራል፤ ከበዛ ደግሞ በሰዓቱ አይበስልም፣ ገብሱ ሲያብጥም ይገነፍላል።

በሎው ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት፣ በሃይ፣ ማለትም በከፍተኛው ሙቀት፣ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሎውና ሃይ መጨረሻ ላይ የሚደርሱበት ሙቀት ብዙም አይለያይም፣ ልዩነቱ ቶሎና ቀስ ብሎ መድረሱ ነው። ክዳኑን በከፈትሽ ቁጥር ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ የሚያህል ጊዜ ስለሚባክን፣ ለማየት ብለሽ አትክፈቺው፤ ማማሰልም አያስፈልገውም።

ከቤት አሥር ሰዓት የምትርቂ ከሆነ በራሱ ወደ ዋርም የሚዞረውን ዓይነት ማሽን ለሰባት ሰዓት ሙዪው። ዋርም ላይም ቢሆን ገብሱ መጠጣቱን አያቆምም፣ ስለዚህ ሁለት ኩባያ የፈላ ውሃ አዘጋጅተሽ ስትገቢ አቅጥኚው። ዋርም ለማቆያ ነው፣ ለማብሰያ አይሆንም። ዘግይቶ እንዲጀምር በሰዓት መሙላትን ግን አልደግፍም፤ ውሃ የነካው እህልና የተከተፈ አትክልት ሳይሞቅ ከሁለት ሰዓት በላይ መቀመጥ የለበትም። በረዶ የሆነ አትክልትም መጀመሪያ ይቅለጥ።

ማታ እንደገባሽ ወደ ሃይ አዙሪና ቲማቲሙን ጨምሪ። ሃያ ደቂቃ ቆይተሽ አንድ እስር ቆስጣ ከትፈሽ ጨምሪበት፣ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ክደኚው። ሐበሻ ጎመን ከሆነ አርባ አምስት ደቂቃ ስጪው። ሲወጣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ቁንጥር መከለሻ፣ አንድ ሁለት ቃሪያ። ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ቀድመው ቢገቡም ይችላሉ፣ መከለሻ ግን ረጅም ሰዓት ሲፈላ መዓዛው ይጠፋል። ጾም ካልሆነ ቅቤም በዚሁ ሰዓት ይገባል።

አሁን ወደ ቦሎቄው። እባክሽ ደረቅ ቀይ ቦሎቄ በቀጥታ ስሎው ኩከር ውስጥ አትጨምሪ። ጥሬው ፋይቶሄማግሉቲኒን የሚባል መርዝ አለበት፣ ይህ የሚጠፋው በደንብ ሲፈላ ነው። ስሎው ኩከር ቀስ ብሎ ስለሚሞቅና አንዳንዱም ለዚህ የሚበቃ ሙቀት ላይ ስለማይደርስ ቦሎቄው ለስልሶ እያለ መርዙ ሊቀር ይችላል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። ቢያንስ አምስት ሰዓት ዘፍዝፈሽ፣ ውሃውን ደፍተሽ፣ በአዲስ ውሃ ምድጃ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ጠንከር አድርገሽ አፍልተሽ ነው የምትጨምሪው። የጣሳው ቀድሞ የበሰለ ስለሆነ አጥበሽ መጨመር ትችያለሽ። ሽምብራ ከሆነ ሌሊቱን ዘፍዝፈሽ ከታች ከካሮቱ ጋር አድርጊው።

የተረፈውን በሸክላው ድስት እንዳለ ፍሪጅ አታስገቢ፤ መሐሉ እስኪቀዘቅዝ ብዙ ይቆያል። ጠፍጣፋ ዕቃዎች ላይ ከፋፍለሽ በሁለት ሰዓት ውስጥ አስገቢው፣ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ፍሪዘርም ይችላል፣ ድንቹ ግን ሲቀልጥ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ለማስቀመጥ የምትሠሪ ከሆነ ድንቹን ተዪውና ካሮት ጨምሪ። ስታሞቂ ምድጃ ላይ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ሳህን ግማሽ ኩባያ ውሃ ጨምረሽ ጨዉን እንደገና ቅመሺ።

እቤት ግሉተን የማይስማማው ሰው ካለ ገብስም ስንዴም አይሆንም። በፍሬው ያለ ማሽላ በዚያው መጠን ተኪበት፤ ሌሊቱን ዘፍዝፈሽ አሳድሪው፣ ቅርጹን ይዞ ይበስላል። ሩዝ ለዚህ አይመከርም፣ ስምንት ሰዓት አይችልም።

ለእናትሽ መላኩን በተመለከተ፣ አሜሪካ የምትገዢው ማሽን ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፣ አዲስ አበባ ያለው 220 ነው። እንዲሁ ከተሰካ ከሚችለው ሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ስቦ ይቃጠላል፤ ሶኬቱን ብቻ የሚቀይረው አዳፕተር አያድነውም። 220–240 የተጻፈበትን ግዢ፣ ወይም ከማሽኑ ዋት በላይ የሚችል ትራንስፎርመር አብረሽ ላኪ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፤ ስለዚህ ለሎው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይጨምሩ፣ ወይም የመጀመሪያውን ሰዓት በሃይ ያስጀምሩት። ዴንቨር ያላችሁም በመጠኑ እንዲሁ ነው። መብራት ሲጠፋ ቤት ካሉ ወዲያው ምድጃ ላይ አዙረው ይጨርሱት። እሳቸው ሳይኖሩ ጠፍቶ ምን ያህል እንደቆየ ካልታወቀ ግን የበሰለ ቢመስልም ይደፋ።